ሰማዩን ዘጉ የተባሉት አዴ ዓለሚቱ

አዴ ዓለሚቱ ቶላ ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን የሰማሁት ዓርብ ጠዋት፣ በምሠራበት በሐዋሳ አውሮፕላን ማረፊያ የማለዳውን የሙቀት መጠን አንብቤ ወደ ቢሮ ስገባ ነው። የደወለችልኝ ልጃቸው ሃና ናት። ሌሊቱን ጎባ በሚገኘው ቤታቸው እንደተኙ ማረፋቸውን፣ የቆየው የልብ ሕመማቸው በመጨረሻ እንዳሸነፋቸው፣ ቀብራቸውም በዚያው ዕለት በዘጠኝ ሰዓት እንደሚፈጸም ነገረችኝ። «ትደርሺ ይሆን?» አለችኝ። እደርሳለሁ አልኳት።

አልደረስኩም። ከሐዋሳ እስከ ሮቤ፣ የአውሮፕላን ማረፊያው እስካለባት የጎባ አጎራባች ከተማ፣ በካርታ ላይ ማስመሪያ ቢጋደም መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ትንሽ አውሮፕላን በሠላሳ አምስት ደቂቃ ትደርሰዋለች። ነገር ግን በሁለቱ ከተሞች መካከል በቀጥታ የሚበር የለም። አዲስ አበባ ወጥቶ መመለስ ያሻል፤ ያን ዕለት ደግሞ ወደ ሮቤ በረራ አልነበረም። በሻሸመኔ በኩል በአውቶቡስ ሄድኩ። አውቶቡሱ እስኪሞላ ቆመን፣ ዶዶላ ላይ ጎማ እስኪቀየር ቆመን፣ ጎባ ስገባ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ መንገድ ላይ አገኘሁት። ሃና እጄን ይዛ ወደ መቃብሩ መለሰችኝ። አፈሩ ገና እርጥብ ነበር።

ስሜ ሰናይት ይባላል። «አዴ» በኦሮምኛ እናትን የማክበሪያ መጠሪያ ነው፤ አዴ ዓለሚቱ የሥራ አስተማሪዬ ነበሩ። ይህን ጽሑፍ ለአርባቸው ሳዘጋጅ እንደ ልማዱ ደግነታቸውን ብቻ ዘርዝሬ ብሰናበታቸው ደስ ባለኝ ነበር። ነገር ግን በሮቤና በጎባ ስለ እሳቸው ለዘጠኝ ዓመት ሲነገር የኖረ አንድ ነገር አለ፤ ያ ነገር ሐሰት ነው፤ ሐሰት መሆኑን ለዓመታት የምናውቀውም እሳቸውና እኔ ብቻ ነበርን። ስለዚህ የምታውቋቸው ሁሉ እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

አዴ ዓለሚቱ ከሃያ ዓመት በላይ በሮቤ አውሮፕላን ማረፊያ የአየር ሁኔታ ታዛቢ ሆነው አገልግለዋል። ሥራው ቀላል ይመስላል። በየሰዓቱ ከቢሮ ይወጣሉ፤ በነጩ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ያሉትን የሙቀት መለኪያዎች ያነባሉ፤ ነፋሱን ያያሉ፤ ከዚያ ደመናው ምን ያህል ዝቅ እንዳለ፣ ዓይን እስከ የት እንደሚደርስ ይመዘግባሉ። ለዚህ መለያ የሚሆኑ ነገሮች ነበሯቸው። የባሕር ዛፉ ረድፍ ከታየ ይህን ያህል፣ የእህል መጋዘኑ ጣሪያ ከታየ ያን ያህል፣ በአጋርፋ በኩል ያለው ጉብታ ከታየ ደግሞ ሰማዩ ክፍት ነው ማለት ነው። አውሮፕላን የሚመጣው ወይም የሚቀረው እሳቸው በጻፉት ቃል ነበር።

ሮቤ ተመድቤ የመጀመሪያ ቀን ስንገናኝ ትልቅ የወንድ ቦት ጫማ አድርገው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ጭቃ ውስጥ ቆመው አገኘኋቸው። ከኮሌጅ መምጣቴን ነገርኳቸው። ምን እንደተማርኩ አልጠየቁኝም። አራቱንም አቅጣጫ እያዞሩ ካሳዩኝ በኋላ፣ «ሰማይ አይለመንም፣ ይታያል እንጂ» አሉኝ። ያን ጊዜ ተራ ምክር መስሎኝ ነበር።

ገበሬዎች ስንዴ ማጨጃው ሲደርስ ቢሮው ድረስ እየመጡ ነገ ይዘንብ እንደሆነ ይጠይቋቸው ነበር። ትናንት የጣለውን ዝናብና የዛሬውን ነፋስ ይነግሯቸዋል፤ ነገ የሚሆነውን ግን አይናገሩም። አንዳንዱ ተቆጥቶ ይሄዳል። ቁጡ እሳቸውም ነበሩ፤ ሰው ሲያዘገያቸው ፊት ይነሳሉ፤ አለቃም ቢሆን አይምሩም። ሆኖም በረራ በተሰረዘ ቁጥር መግቢያው ላይ ቆመው ማደሪያ የሌለውን ሰው ይለዩ ነበር። አንድ ጊዜ ከደሎ መና ያን ሁሉ የአውቶቡስ መንገድ የመጡ አዛውንት ባልና ሚስት አውሮፕላኑ ቀረባቸው። አዴ ዓለሚቱ ሁለት ሌሊት ቤታቸው አሳደሯቸው። በሦስተኛው ቀን ሰማዩ ሲከፈት እስከ አውሮፕላኑ ደረጃ ድረስ የሴትዮዋን ክንድ ይዘው አደረሷቸው። አዛውንቱ በሚቀጥለው ዓመት አንድ ገንቦ ማር ላኩላቸው፤ እሳቸውም ለጥበቃ ሠራተኞች ሳይቀር በሲኒ አካፈሉት።

አሁን ወደ ሁሴን ልምጣ።

ወቅቱ የበልጉ ስንዴ የሚታጨድበት የክረምት መግቢያ ነበር። ሁሴን የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት፣ የኮምባይነር ኦፕሬተር ነበር፤ የሮቤው የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ የአቶ ጀማል ታናሽ ወንድም። አጋርፋ መንገድ ላይ ካለ ማሳ ውስጥ ማሽኑን ሲጠግን የማጨጃው ክፍል ሆዱና ዳሌው ላይ ወደቀበት። ሐኪሞቹ ሌሊቱን የቻሉትን አድርገው በማግስቱ ጠዋት ወደ ሐዋሳ ይሂድ አሉ። የመኪናው መንገድ ከአምስት ሰዓት በላይ ስለሚፈጅ ያንን እንደማይችለውም ለቤተሰቡ ነገሩ።

አቶ ጀማል ያላንኳኩት በር አልነበረም። በመጨረሻ ለሌላ ሥራ ሐዋሳ ያደረች አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ተገኘች። አብራሪው ሮቤ ክፍት ከሆነ መጥቶ እንደሚወስደው፣ ነገር ግን ከጠዋቱ አራት ሰዓት በኋላ ወደ ተመደበበት ቦታ መሄድ ግዴታው እንደሆነ አስታወቀ። መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር፣ ሠላሳ አምስት ደቂቃ። የሚጠብቀው የእኛን ቃል ብቻ ነበር።

ከማለዳ ጀምሮ ደመናው መሬት ነክቶ፣ ዝናቡ እያካፋ ነበር። አምቡላንሱ ሁሴንን ይዞ ሲመጣ አዴ ዓለሚቱ ወደ በሩ ሮጡ። የቢሯችን በር በጎባ በኩል ነው፤ እሳቸው ደጅ ላይ ጎንበስ ብለው ሁሴንን ብርድ ልብስ ሲያለብሱት፣ ቤተሰቡን ሲያረጋጉ፣ የአምቡላንሱን ሹፌር መኪናውን የት እንደሚያቆም ሲያሳዩ ቆዩ፤ ሲወጡ የመጨረሻውን ምልከታ እንዳዘጋጅ ነግረውኝ ነበር።

ሥራው በገባኝ ልክ መሥራት ነበረብኝ። ወጥቼ ሕንፃውን ዞሬ የአጋርፋውን አቅጣጫ ማየት ነበረብኝ። በቢሮው ደጃፍ የሁሴን ዘመዶች ተሰብስበዋል፤ እናቱ መሬት ላይ ተቀምጠው ዱዓ ያደርጋሉ። በመካከላቸው ማለፍ ፈራሁ። የሚለምኑኝ መሰለኝ። ዝናቡም ነበር፤ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም። በመስኮቱ ወደ ጎባና ወደ ተራሮቹ ተመለከትኩ። የባሕር ዛፉ ረድፍ እንኳ በቅጡ አይታይም ነበር። አራቱም አቅጣጫ ዝግ ነው ብዬ ጻፍኩ።

አዴ ዓለሚቱ ውኃ እየተንጠባጠቡ ገቡ። ወረቀቱን አንብበው ወደ እኔ ተመለከቱ።

«ወጥተሽ አይተሽዋል?» አሉኝ።

«አዎ» አልኳቸው።

ፈረሙ። ስልኩን አንስተው ሮቤ ዝግ መሆኗን ለሐዋሳ አስታወቁ። አራት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ነበር የቀረው። ከዚያ እሳቸው ራሳቸው ወጥተው ለአቶ ጀማል ነገሯቸው። አቶ ጀማል አልጮኹም። አንድ ጊዜ ብቻ ሰማዩን ተመልክተው ወደ አምቡላንሱ ገቡ። መኪናው የሐዋሳን መንገድ ይዞ ሄደ።

አራት ሰዓት ከሃያ ሲሆን አዴ ዓለሚቱ የዘገየውን የአራት ሰዓት ሙቀት ሊያነቡ ከሕንፃው ኋላ ዞሩ። ሲቆዩብኝ ተከትያቸው ወጣሁ። በአጋርፋ በኩል ሰማዩ ተገልጦ፣ ጉብታው ከነአናቱ እየታየ፣ የታጨደው ማሳ ላይ ፀሐይ ወጥታ ነበር። እሳቸው ሮጠው ገብተው ደወሉ። አውሮፕላኗ ከተነሣች ሩብ ሰዓት እንዳለፋት፣ ወደ ደቡብ እንደሄደችም ተነገራቸው። አምቡላንሱን ለማስመለስ ቢሞክሩም ሹፌሩ ስልክ በማይይዝበት መንገድ ላይ ነበር፤ የሚመለስበትም ነገር አልነበረም።

ከብት ከመንደርደሪያው ሊያባርር ወጥቶ የነበረው የጥበቃ ሠራተኛ ሰማዩ ከቅድም ጀምሮ ክፍት እንደነበር ተናገረ። አዴ ዓለሚቱ «ቅድም» ማለት መቼ እንደሆነ ደጋግመው ጠየቁት። ሰዓት የሌለው ሰው ነው፤ ሊነግራቸው አልቻለም። ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ። ምንም ሳይጠይቁኝ ሁሉንም አወቁ። እግሬን ነበር የተመለከቱት። አሁን ጭቃ ከነካው ጫፉ በቀር ጫማዬ ደረቅ ነበር።

ሁሴን ዶዶላን አልፈው ኮፈሌ ሳይደርሱ በወንድሙ ክንድ ላይ ሞተ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሮቤ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የሚያውቀው ግን ግማሹን ነው። ፀሐይዋን ያየው ሰው ብዙ ነበር። ሰማዩ ክፍት ሆኖ ሳለ ዝግ ነው አሉ፣ ወንድሜን ገደሉብኝ ሲሉ አቶ ጀማል በገበያም በመስጊድ ደጅም ተናገሩ። አንዳንዱ ሃይማኖት ጨመረበት፤ አንዳንዱ ጉቦ ጨመረበት። «ሰማዩን የዘጋችው ሴትዮ» የሚል ስም ወጣላቸው። ባጃጅ ነጂዎች እንኳ ሲያዩዋቸው እርስ በርሳቸው ይጠቃቀሱ ጀመር።

ከበላይ መሥሪያ ቤት ሦስት ሰዎች ለማጣራት መጡ። እኔ ተራዬን እየጠበቅሁ በር ላይ ተቀምጬ፣ የምናገረውን በልቤ እያዘጋጀሁ ነበር። ከውስጥ የአዴ ዓለሚቱ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። «የዕለቱ ታዛቢ እኔ ነኝ፤ ፊርማውም የኔ ነው። ሌላ የምትጠይቁት ሰው የለም» አሉ። እኔ አልተጠራሁም። ተነሥቼ መግባት እችል ነበር፤ በሩ አልተቆለፈም። አልገባሁም። ለእሳቸው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው፤ የዚያ ዓመት ዕድገታቸውም ቀረ።

አጣሪዎቹ በሄዱበት ቀን ከሰዓት በኋላ ለብቻችን ስንሆን አለቀስኩ። ብወጣ ኖሮ ሁሴን ይድን ነበር አልኳቸው። አላጽናኑኝም፤ አልሰደቡኝምም።

«ብትወጪ ኖሮ ምን ታዪ እንደነበር እኔም አላውቅም፤ እሱም ሐዋሳ ቢደርስ ይዳን አይዳን አላውቅም። እኔ የማውቀው ያላየሽውን አየሁ ማለትሽን ነው» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «እኔም ጫማሽን ሳላይ ፈረምኩ» አሉ።

በማግስቱ ጠረጴዛውን ከመስኮቱ አንሥተን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ሰው ተቀምጦ ሰማይ ማየት አይችልም ነበር።

አዴ ዓለሚቱ የሁሴን ለቅሶ ቤት ሄደዋል። እኔ ያልሄድኩበት ቦታ እሳቸው ሄደዋል። አቶ ጀማል ሲያዩዋቸው ፊታቸውን አዞሩ፤ የሁሴን እናት ግን ከጎናቸው አስቀመጧቸው። በየጠዋቱ ከጎባ መጥተው ወደ ሥራ ሲሄዱ ሮቤ ባለው የአቶ ጀማል ሱቅ በኩል ያልፉ ነበር። ሌላ መንገድ ነበራቸው፤ በዚያ አልሄዱም። ሁልጊዜ በኦሮምኛ «ጀማል፣ አካም ቡልቴ?» ብለው እንዴት እንዳደሩ ይጠይቋቸዋል። አቶ ጀማል አይመልሱም። ስንት ጊዜ አብሬያቸው በዚያ አለፍኩ።

አንድ ጊዜ የሁሴን እናት ለዓይን ሕክምና አዲስ አበባ ሊበሩ ከአቶ ጀማል ጋር መጡ። ነፋሱ የሳነቴን ተራራ ብርድ ይዞ የወረደበት ጠዋት ነበር። አዴ ዓለሚቱ የራሳቸውን ጋቢ አምጥተው ለእናትየው ደረቡላቸው። አቶ ጀማል ጋቢውን ከእናታቸው ትከሻ ላይ አነሡት፤ አጣጥፈው አግዳሚው ወንበር ላይ አስቀመጡት፤ የራሳቸውን ኮት አወለቁና ለእናታቸው አለበሱ። አዴ ዓለሚቱ ጋቢውን አንሥተው ሙቀት ሊያነቡ ሄዱ። ሰዓቱ ደርሶ ነበር።

እኔ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ሐዋሳ ዝውውር ጠየቅሁ። ለሰው የተሻለ ቦታ ስላገኘሁ ነው አልኩ። እውነቱ መሸሽ ነበር። እሳቸው ግን አልራቁኝም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በሥራ ስልክ እንገናኝ ነበር። የሮቤን ሰማይ ነግረውኝ የሐዋሳን ከጠየቁኝ በኋላ፣ «ወጥተሽ አየሽው፣ ኢንተላ ኮ?» ይሉኛል። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። በዚያ ጥያቄ ውስጥ ተግሣጽ ነበረበት፤ ፍቅርም ነበረበት። ያን ጊዜ ግን ተግሣጹ ብቻ ነበር የሚሰማኝ።

ባለፈው ዓመት ጎባ ድረስ ሄጄ ጠየቅኋቸው። ልባቸው ደክሞ ትንሽ ሲራመዱ ያርፉ ነበር። ግቢያቸው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን እውነቱን ለአቶ ጀማል ልናገር እንደምፈልግ ገለጽኩላቸው። ፈቃዳቸውን የጠየቅሁ አስመስዬ ነበር፤ በእውነቱ ግን አይሆንም እንዲሉኝ ነበር የፈለግሁት።

«ለኔ ብለሽ ከሆነ ተዪው፤ እኔ ለምጄዋለሁ» አሉኝ። «ለጀማል ብለሽ ከሆነ ግን ዘግይተሻል።»

ለምን እሳቸው እንዳልነገሯቸው ጠየቅኋቸው። መጀመሪያ ገና ሥራ የያዝኩ በመሆኔ እንዳዘኑልኝ፣ ከዚያም እኔው እስክናገር እንደጠበቁ፣ ጊዜው ሲረዝም ደግሞ ዝምታውን ማፍረሻ መንገድ እንዳጡ ነገሩኝ። «ጥሩ ሥራ የሠራሁ አይምሰልሽ። አንድ ሰው ለዓመታት የማይገባውን ሰው እንዲጠላ ተውኩት» አሉ። እንግዲያው በሚቀጥለው ሳምንት ሄጄ እነግራቸዋለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ሳምንቱ አለፈ፤ ወሩም፤ ዓመቱም። ከዚያ ሃና ደወለች።

በሣልስቱ ማግስት ሮቤ፣ አቶ ጀማል ሱቅ ገባሁ። ለአንድ ሰው ሚስማር እየመዘኑ ነበር። ዓመታት ስላለፉ ማን እንደሆንኩ አላወቁም። ሰውየው እስኪወጣ ጠብቄ ቆሜ ነገርኳቸው፤ መስኮቱን፣ ዝናቡን፣ «አዎ» ማለቴን፣ የፊርማውን ነገር ሁሉ። ሚዛኑ ላይ የቀሩትን ሚስማሮች አንድ በአንድ ወደ ሣጥኑ እየመለሱ ሰሙኝ። ይጮኹብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ወንድሜን አላህ ነው የወሰደው፤ ይህን ከራሴ ጋር ከጨረስኩ ቆይቻለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ሴትዮዋን ግን እኔ ነኝ ያዋረድኩት። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በዚህ በር ሲያልፉ ሰላምታቸውን ከለከልኩ። አንቺ እያየሽ ነበር። ለምን ተውሽኝ?»

 

ይቅርታ ልጠይቃቸው ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። ለእሳቸው ብቻ መንገሬ እንደማይበቃ፣ እሳቸው ስም ሲያጠፉ የሰማ ሰው ሁሉ ይህንንም መስማት እንዳለበት፣ በስሜ ጽፌ እንዳወጣው አዘዙኝ። ያን ስጨርስ ብቻ እንድመለስ ነገሩኝ። ብመለስ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። ይህ ጽሑፍ የአቶ ጀማል ትእዛዝ ነው፤ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ደግሞ የኔ ግዴታ ነበር።

አዴ ዓለሚቱ፣ እነሆ ተናገርኩ። በሕይወት ሳሉ መናገር ነበረብኝ፤ ያን ጊዜ ምላሽዎን እሰማ ነበር፤ አቶ ጀማልም ፊታቸውን ወደ እርስዎ ሲመልሱ ያዩ ነበር። አሁን የሚሰማኝ ሕዝቡ ነው፤ እርስዎ የሉም። ይቅር በሉኝ ብዬ በመቃብርዎ ላይ አላስቸግርዎትም፤ ሙት እንቢ አይልም፤ እንቢ ከማይል ሰው ይቅርታ መጠየቅ ደግሞ እንደገና ማታለል ይመስለኛል።

ሥራ አስተምረውኛል፤ እንጀራዬን ከእርስዎ ነው ያገኘሁት። የእርስዎን ክብር ለዘጠኝ ዓመት እየበላሁ ኖሬያለሁ። ከእንግዲህ በሮቤም በጎባም፣ ያን ጠዋት የተሳሳተው ማን ነበር ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ መልሱ ሰናይት ይሁን። ሃና አንገቷን ቀና አድርጋ ትሂድ።

እግዚአብሔር ነፍስዎን በደጋጎች ማረፊያ ያኑራት። ደህና ይሁኑ፣ እናቴ።